ደረቅ ክብደት

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው ሃይገር፣
እኔና ዲንቃ በአንድ ወንበር፣ በአንድ መንገድ።
ቃሊቲ ላይ እወርዳለሁ፤
እኔ ወንዝ ላጣራ፣
እሱ ደሙን ሊያስጣራ።

ዲንቃ ታናሼ ነው።
በአቃቂ ዳር ቆስጣና ጎመን ሲያለማ፣
በሚንኳኳ ፓምፕ ያንን ውሃ ስቦ መደቡን ሲያጠማ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ።
ያንኑ ውሃ እኔ በጠርሙስ ቀድቼ፣
ቀኑን በስክሪብቶ ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣
ነጭ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈዋለሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው።
ክብ ወረቀት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ባዶውን እመዝነዋለሁ፤ ቁጥሩ እንዳይረሳ እጽፋለሁ።
ውሃውን ስጨምር ፓምፑ ከሥር ይምገዋል፤
የሚያልፈው ያልፋል፣ የማያልፈው ይቀራል።
ከዚያ ማድረቂያው፦ መቶ አምስት ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት።
ከዚያ ማቀዝቀዝ። ከዚያ ዳግም ሚዛን።
ከሙሉው ላይ ባዶውን ስቀንስ
የምትተርፈኝ ቁጥር፣ አቃቂ እሷ ናት፦
ጭቃ፣ የቆዳ ጸጉር፣ የላስቲክ ብናኝ፣
ደግሞ አንድ ሰማያዊ ነገር፣ ስሙን የማላውቀው።

ወንድሜንም ይመዝኑታል።
ሲስተር ብርዛፍ ጫማውን አስወልቃ
«ስልሳ አንድ ከሦስት» ትላለች፤ ይጻፋል።
አራት ሰዓት ይተኛል።
ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣
ከጸጉር በቀጠኑ ክሮች ተሹለክልኮ፣
ሞቅ ብሎት ይመለሳል።
ሲያበቃ ዳግም ሚዛን።
«ሃምሳ ስምንት ከግማሽ። ደረቅ ክብደትህ ይቺ ናት።»

ደረቅ ክብደት!
አብሬው በሄድኩ ቀን ይህን ስሰማ
ሳቄ መጣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።
በቀን ሃያ ጊዜ መዝገብ ላይ የማሰፍረው ቃል
ካልሲውን በሚፈልግ ሰው ላይ ተነገረ።

አባታችን ሲምሉ
«ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን በሚያውቅ!» ይሉ ነበር።
ኩላሊት የሚያመላልሰው
ሐሳብ ይመስለኝ ነበር።
ኋላ ተማርኩት፤
ኩላሊት እንደኔ ወረቀት አይደለም።
ወረቀቴ ላለፈው ግድ የለውም።
ኩላሊት ግን ቤት እንደሚያጸዳ ሰው
ዕቃውን ሁሉ ግቢ ላይ ያወጣል፣
ጨዉን፣ ስኳሩን፣ ውሃውን፣ ሳይመርጥ፤
ከዚያ ጎንበስ ብሎ
«ይቺ የኔ ናት፣ ይቺም የኔ» እያለ
ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን መልሶ ያስገባል።
ጥቂቷን ብቻ በር ላይ ይተዋታል።
ማመላለስ ይህ ኖሯል ለካ፣ አባዬ።
ማሽኑ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም፤
ሰዓቱ ሲሞላ ይጮኻል።

ሰዉ ይጠይቀኛል፣ «ወንዙ ይሆን?»
አላውቅም።
ግፊትም ነበረበት፤ «ደክሞኝ ነው» እያለ ስንት ክረምት አለፈው።
ወረቀት የያዘውን ያሳያል እንጂ
ማን እንዳስያዘው አይናገርም።
አንድ ቅዳሜ ግን ሹልክ ብዬ ወርጄ፣
ከዲንቃ መደብ ሥር፣
ፓምፑ ትቶት ከሄደው ጉድጓድ፣ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ፣
ብቻዬን አጣራሁት።
ወረቀቱ ጠቆረ።
አልመዘንኩትም።
ቁጥር የሌለው፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤
ስከፍት ይሸተኛል፣ ስዘጋም ይሸተኛል።

ማታ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ።
የተፈቀደለት ውሃ በሻይ ብርጭቆ ይለካል፣
ለቀኑ አራት፤ አራተኛውን ለማታ ያቆያል።
በምላሱ ዳር ዳር ያዞረዋል፣
እንደሚቀምስ ዳኛ ዓይኑን ይጨፍናል፤
ግማሹ ላይ ሲደርስ ይቆማል።
በረንዳ ላይ፣ በቀለም ጣሳ፣ አንዲት ጎመን አለች።
የተረፈውን ይዞ ወደ እሷ ይወጣል፣
በቀስታ ያንጠባጥብላታል።

«ተቆጥሮ የተሰጠህን!» ብዬ ስቆጣ፣
ቅጠሏን በጣቱ ከፍ አድርጎ፣ ገረፍ አርጎ እያየኝ፣
«እስቲ ንገሪኝ፣ ባለ ሚዛን» ይላል፣
«የእሷ ደረቅ ክብደት ስንት ነው?»